ስለ ኒርቫና ሁለተኛ አልበም «ኔቨርማይንድ» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኔቨርማይንድ» የማን አልበም ነው? መቼስ ወጣ?

«ኔቨርማይንድ» ኒርቫና የተባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድ ሁለተኛ አልበም ሲሆን፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1991 (በእኛ አቆጣጠር መስከረም 13 ቀን 1984 ዓ.ም.) ዲጂሲ በተባለው አሳታሚ ኩባንያ በኩል ለገበያ ቀረበ። ባንዱ በወቅቱ ሦስት አባላት ነበሩት። ከርት ኮቤይን ዘፈኖቹን ይደርሳል፣ ይዘፍናል፣ ጊታርም ይጫወታል፤ ክሪስት ኖቮሰሊች ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ ዴቭ ግሮል ደግሞ ድራመር ነው። ኮቤይንና ኖቮሰሊች የተገናኙት በዋሽንግተን ግዛት በምትገኘው አበርዲን በተባለች የእንጨት ሥራ ከተማ ነው።

በሽፋኑ ላይ የተዘረዘሩት ዘፈኖች 12 ሲሆኑ በድምሩ 42 ደቂቃ ከግማሽ ገደማ ይወስዳሉ። አራቱ በነጠላ ዜማነት ወጥተዋል፤ እነሱም «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት»፣ «ካም አዝ ዩ አር»፣ «ሊቲየም» እና «ኢን ብሉም» ናቸው። አልበሙ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

ርዕሱ ምን ማለት ነው?

በአማርኛ «ተወው» ወይም «ግድ የለም» እንደ ማለት ነው። ኮቤይን በመጀመሪያ አስቦት የነበረው ርዕስ «በጎች» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ሲሆን፣ መንጋውን ተከትለው የሚሄዱ ሰዎችን የሚነካ ነበር። በኋላ ግን በእንግሊዝኛ በሁለት ቃል የሚጻፈውን ሐረግ አጣብቆ እንደ አንድ ቃል ጻፈው፤ የሰዋስው ሕግ መጣሱን የወደደው ይመስላል።

ሁለተኛ አልበም ከሆነ የመጀመሪያው ምን ሆነ?

የመጀመሪያው አልበም «ብሊች» ይባላል። በጁን 1989 የወጣው ሳብ ፖፕ በተባለ አነስተኛ የሲያትል አሳታሚ በኩል ሲሆን፣ የቀረጻው ባለሙያ ጃክ ኢንዲኖ ያቀረበው የስቱዲዮ ሂሳብ በድምሩ 606 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነበር። «ኔቨርማይንድ» እስኪወጣ ድረስ የተሸጠው ወደ 40,000 ቅጂ ብቻ ነው፤ ለአነስተኛ አሳታሚ መጥፎ የማይባል ቁጥር ቢሆንም ባንዱን በኮሌጅ ሬዲዮ አድማጮች ዘንድ ከማስታወቅ አላለፈም።

«ብሊች» ከባድ፣ ዘገምተኛና ድምፁ የደፈረሰ አልበም ነው። ይሁንና በመካከሉ «አባውት ኧ ገርል» የተባለ አንድ ለስላሳ ዘፈን አለ፤ ዜማው ግልጽ፣ ቅርጹም የተስተካከለ። ሁለተኛው አልበም ከየት እንደ መጣ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከጩኸቱ ይልቅ ይህን ዘፈን ቢሰማ ይሻላል፤ ኮቤይን ጥሩ ዜማ መሥራት እንደሚችል በ1989 አሳይቶ ነበርና።

በሁለቱ አልበሞች መካከል ምን ተለወጠ?

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ድራመሩ ነው። በኤፕሪል 1990 ባንዱ ከቻድ ቻኒንግ ጋር ሆኖ ወደ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ወደ ማዲሰን ከተማ ተጓዘና ስማርት ስቱዲዮስ በተባለ ቦታ ከፕሮዲውሰር ቡች ቪግ ጋር ስምንት ያህል ዘፈኖች ቀረጸ። ሐሳቡ ሁለተኛውን አልበም ለሳብ ፖፕ ማዘጋጀት ነበር። ቀረጻው ግን በካሴት እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈና ትልልቅ ኩባንያዎች ባንዱን ይፈልጉት ጀመር። በዚያው ዓመት ቻኒንግ ለቀቀ፤ በመጸው ወራት ደግሞ ስክሪም ከተባለው የዋሽንግተን ዲሲ ባንድ የወጣው ግሮል ተተካ። የሜልቪንስ ባንድ መሪ የሆነው በዝ ኦዝቦርን ነበር ከኒርቫና ጋር ያገናኘው።

ቀጥሎ አሳታሚው ተለወጠ። ኒርቫናዎች የሚያከብሩት ሶኒክ ዩዝ የተባለው የኒውዮርክ ባንድ ቀድሞ ከዲጂሲ ጋር ስለ ተፈራረመና ስለ መሰከረላቸው፣ እነሱም ያንኑ በር አንኳኩ።

ይሁን እንጂ አድማጭ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ልምምዱን ነው። ሦስቱ ሰዎች ስቱዲዮ ከመግባታቸው በፊት በነበሩት ወራት በዋሽንግተን ግዛት በምትገኘው በታኮማ ከተማ አንድ ጎተራ ውስጥ ተሰብስበው ዘፈኖቹን ደጋግመው ይለማመዱ ነበር። ከዚያም የልምምዱን ድምፅ በተራ ቴፕ ሪከርደር ቀድተው ካሴቱን ለቪግ ላኩለት። በካሴቱ ላይ ከበሮው ማይክሮፎኑን ከአቅሙ በላይ ስለመታው ሁሉም ነገር ተሰነጣጥቆ ነበር የሚሰማው፤ ሆኖም ቪግ በዚያ ጉርምርምታ ውስጥ «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት»ን ሰማና ምን እንደ ተያዘ ገባው። በዘፈቀደ ተሠራ እየተባለ የሚወራለት ይህ አልበም፣ እኔ እንደማምነው፣ ግማሹ ያለቀው በዚያ ጎተራ ውስጥ ነው።

የት ተቀረጸ? ምን ያህል ጊዜና ገንዘብስ ፈጀ?

ዋናው ቀረጻ የተካሄደው በሜይ 1991 በሎስ አንጀለስ፣ ቫን ናይስ በተባለው አካባቢ በሚገኘው ሳውንድ ሲቲ ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮው ያን ጊዜ አርጅቶና ተጎሳቁሎ፣ ዋጋውም ቀንሶ ነበር። ሁለት ጥሩ ነገሮች ግን ነበሩት፤ ኒቭ የተባለው ጥሩ የድምፅ መቆጣጠሪያ ጠረጴዛና ከበሮን ግዙፍ አድርጎ የሚያሰማ ሰፊ ክፍል። የግሮል ከበሮ በአልበሙ ውስጥ ደረት የሚመታው አንድም በጉልበቱ፣ አንድም በዚያ ክፍል ምክንያት ነው። መጀመሪያ የተያዘው በጀት 65,000 ዶላር ነበር፤ ሚክሲንጉና (የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሃዱ) ቀሪው ሥራ ተጨምሮበት ሲያበቃ ወጪው ከ120,000 ዶላር በላይ ደርሷል።

ሥራው ፈጣን ነበር፤ ሙዚቃው በጥቂት ሙከራ ይያዛል፣ ኮቤይንም ድምፁ እስኪዘጋ ስለሚጮህ ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ ሊዘፍን አይችልም። ቪግ ድምፁን ደርቦ በመቅረጽ ሊያወፍረው ቢፈልግም ኮቤይን ማታለል ነው ብሎ እምቢ ይል ነበር። በመጨረሻ ቪግ ጆን ሌነንም እንዲህ ያደርግ እንደነበር ነገረው። ኮቤይን ከልጅነቱ ጀምሮ ቢትልስን ይወድ ስለነበር እሺ አለ። በ«ሊቲየም» ቀረጻ ላይ ደግሞ ግሮል በስሜት እየፈጠነ ስላስቸገረ የጊዜ መቁጠሪያ ድምፅ በጆሮው እየተሰማው እንዲመታ ተደረገ። ከዚህ በቀር ብዙ ብልሃት አልተጨመረም።

ከቀረጻዎቹ ሁሉ እኔን የሚመስጠኝ የመጨረሻው ዘፈን፣ የ«ሳምቲንግ ኢን ዘ ዌይ» ነው። በትልቁ ክፍል ከነሙሉ ባንዱ ሲሞከር አልሆነም። ኮቤይን ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ገባና ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ፣ አምስት ክር ብቻ በቀረውና ቅኝቱ በተዛባ አሮጌ ጊታር እንዴት ሊሰማ እንደሚገባው በሹክሹክታ አሳየው። ቪግ ስልኩን አጠፋ፣ ማቀዝቀዣውን አጠፋ፣ ማይክሮፎን አስጠግቶ እዚያው ቀረጸው። ከበሮውና ቤዙ ከዚያ በኋላ፣ ከተዛባው የጊታር ቅኝት ጋር እየተስተካከሉ ተጨመሩ፤ ቼሎውንም ከርክ ካኒንግ የተባለ ሙዚቀኛ ተጫወተው። ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የተዛባ ቅኝት ላይ ሌላ መሣሪያ ማሳረፍ አድካሚ ነው። እነሱ ግን ጊታሩን እንደገና ከመቅረጽ ይልቅ ድካሙን መረጡ፤ የዘፈኑ ነፍስ ያለችው እዚያ ሶፋ ላይ መሆኑን አውቀው ነበርና።

ግራንጅ የሚባለው ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?

በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሲያትልና ከአካባቢው የወጣ፣ የፐንክን ቁጣና የሄቪ ሜታልን ክብደት ያደባለቀ የሮክ ዓይነት ነው። ሳውንድጋርደን፣ ፐርል ጃም፣ አሊስ ኢን ቼይንስና መድሃኒ ከኒርቫና ጋር በዚህ ስም ይጠራሉ። ባንዶቹ ግን በድምፅ እርስ በርሳቸው ብዙም አይመሳሰሉም፤ ስሙ የመጣበትን አገርና ጊዜ ከመጠቆም የዘለለ ፋይዳ የለውም።

የመክፈቻው ዘፈን ርዕስ ከየት መጣ? «ቲን ስፒሪት» ማለት ምንድን ነው?

የዲኦዶራንት፣ ማለትም የብብት ሽታ መከላከያ ቅባት፣ ስም ነው። ቢኪኒ ኪል የተባለው ባንድ ድምፃዊት ካትሊን ሃና አንድ ምሽት በኮቤይን ክፍል ግድግዳ ላይ «ከርት ቲን ስፒሪት፣ ቲን ስፒሪት ይሸታል» የሚል ትርጉም ያለው ነገር ጻፈች። በወቅቱ የነበረች የሴት ጓደኛው የምትቀባው ዲኦዶራንት ሽታ እሱ ላይ መቅረቱን ማለቷ ነበር። ቃሉ በቀጥታ ሲተረጎም «የወጣትነት መንፈስ» ስለሚሆን፣ ኮቤይን ስለ ወጣትነትና ስለ አመፅ የተጻፈ ነገር መሰለውና ለዘፈኑ ርዕስ አደረገው። የዕቃ ስም መሆኑን ያወቀው ዘፈኑ ከወጣ ከወራት በኋላ ነው።

ስለ ሙዚቃው ኮቤይን ራሱ ሳይደብቅ እንደተናገረው፣ ፒክሲስ የተባለውን ባንድ አካሄድ ለመኮረጅ ነበር ያሰበው፤ ይኸውም ስንኙን በዝግታ ይዞ አዝማቹ ላይ ማፈንዳት ነው። ግሮልም በበኩሉ መግቢያው ላይ የሚሰማውን የከበሮ አመታት ከዲስኮና ከፈንክ ሙዚቀኞች፣ ከጋፕ ባንድ፣ ከካሜዮ እና ከቺክ ድራመር ከቶኒ ቶምሰን እንደ ወሰደ ተናግሯል። ይህን አውቆ መግቢያውን መልሶ የሰማ ሰው፣ ጊታሩ ለብቻው ከመታ በኋላ ከበሮው ሲገባ ሰውነቱ ለምን ለጭፈራ እንደሚነሣ ይገባዋል።

ማንም ያልጠበቀው አልበም እንዴት አንደኛ ሊሆን ቻለ?

ኩባንያው ራሱ አልጠበቀም። መጀመሪያ ለአሜሪካ ገበያ የላከው ከ46,000 ቅጂ ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ጊዜ ቢወስድም 250,000 ቢሸጥ ደስ ይለው ነበር። አልበሙ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ የገባው 144ኛ ሆኖ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ሳሙኤል ቤየር ያዘጋጀው የ«ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት» ቪዲዮ በኤምቲቪ የሌሊት ፕሮግራም ላይ ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀን ቀንም ይታይ ጀመር። በኖቬምበር ወር ሽያጩ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ፤ ገና ሲደርስ በሳምንት እስከ 300,000 ቅጂ ይሸጥ ነበር። ጃንዩወሪ 11 ቀን 1992 የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» ከአንደኛነት አወረደ። በዚያችው ዕለት ባንዱ «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ተጫውቷል።

ከቪዲዮው ሌላ ብዙ ሰው የማያነሣው አንድ ምክንያት አለ። እስከ 1991 አጋማሽ ድረስ የቢልቦርድ ደረጃ የሚወጣው የሙዚቃ ቤት ባለቤቶች በስልክ በሚሰጡት ግምት ነበር። በሜይ ወር ግን ሳውንድስካን የተባለው አሠራር ተተካና በሂሳብ መቀበያው ላይ የተነበበው ትክክለኛ ሽያጭ መቆጠር ጀመረ። ባለሱቁ ወጣቶች ይገዛሉ ብሎ የማያስበውን እነሱ በእርግጥ መግዛታቸው ከዚያ በኋላ በቁጥር ታየ። የሚፈለግ አልበም ባይኖር ቆጣሪው ብቻውን ምንም ባልፈየደ፤ ነገር ግን በአሮጌው አሠራር ቢሆን ኖሮ «ኔቨርማይንድ» አንደኛ መሆኑ ቢዘገይ ወይም ጭራሽ ሳይታወቅ ቢቀር አያስገርምም ነበር።

በሽፋኑ ላይ ያለው ሕፃን ነገር ምንድን ነው? ክሱስ ምን ደረሰ?

ሥዕሉ የአራት ወር ሕፃን በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ወደ አንድ ዶላር ሲንሳፈፍ ያሳያል። ኮቤይን ሐሳቡን ያገኘው በውኃ ውስጥ ስለ መውለድ የቀረበ የቴሌቪዥን ዝግጅት አይቶ ነው። ፎቶግራፉን ያነሣው ከርክ ዌድል ሲሆን ቦታው በካሊፎርኒያ፣ በፓሳዲና ከተማ የሚገኝ መዋኛ ነበር። ዶላሩና መንጠቆው የተጨመሩት በኋላ ነው። የሕፃኑ ወላጆች የተከፈላቸው 200 ዶላር ነው።

ሕፃኑ አድጎ በ2021 ሥዕሉ በሕፃንነቱ ወሲባዊ ብዝበዛ የፈጸመበት ነው ሲል በባንዱና በኩባንያዎቹ ላይ ክስ መሠረተ። በ2022 ጉዳዩ በይርጋ ምክንያት ተዘጋ፤ በዲሴምበር 2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት እንዲታይ መለሰው፤ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ዳኛው ሥዕሉ የተባለው ዓይነት አይደለም ብለው ክሱን ውድቅ አደረጉት። ከሕጉ ውሳኔ ውጭ ግን አንድ ሰው ሳይጠየቅ የዘመን ምልክት ተደርጎ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ የአልበሙ ወዳጆች በሰውየው ላይ የሚወረውሩት ስድብም ሊቆም ይገባዋል እላለሁ።

ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ የሚሰማው ጩኸት ምንድን ነው?

«ኤንድለስ፣ ኔምለስ» የተባለ ድብቅ ዘፈን ነው። «ሊቲየም» ሲቀረጽ አልሆን ብሎ ባንዱ በንዴት ወደ ሌላ ጨዋታ ገባ፤ ኮቤይን እየጮኸ ጊታሩን ሰባበረ፤ ቪግም ቴፑን ሳያቆም ቀጠለ። በሲዲው ላይ ከመጨረሻው ዘፈን አሥር ደቂቃ ያህል ዝምታ በኋላ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ላይ በስህተት ስለ ቀረ፣ ሲዲው ላይ ባያገኙት ተበላሽቷል ማለት አይደለም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ሲዲው ያበቃ መስሎኝ ቡና ላፈላ ከክፍሉ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ጀበናውን ልጥል ምንም አልቀረኝም።

ግጥሞቹ ምን ይላሉ? ለምንስ አይሰሙም?

ኮቤይን ቃላቱን እያኘከ ይዘፍናል፤ ከዚህም በላይ ብዙዎቹን ግጥሞች የጻፈው ዜማው ካለቀ በኋላ፣ አንዳንዶቹንም ከመቅረጹ ከደቂቃዎች በፊት ነው። ከማስታወሻ ደብተሩ የተለያየ ቀን የተጻፉ ስንኞችን እየለቀመ ያገጣጥም ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚፈስ ታሪክ መፈለግ አያዋጣም። ዘፈንን በግጥሙ መመዘን ለለመደ፣ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ጆሮውን ለሚያሾል አማርኛ ተናጋሪ ይህ መጀመሪያ ላይ ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ እኔንም ቅር አሰኝቶኛል። ውሎ ሲያድር ግን ትርጉሙን ዜማውና የድምፁ መሰንጠቅ እንደሚሸከሙት ተረዳሁ።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ትርጉም አልባ ናቸው ማለት አይደለም። «ኢን ብሉም» ዜማውን እየወደደ አብሮ የሚዘፍን ግን ምን እንደሚባል የማይገባውን አድማጭ ይገልጻል፤ አልበሙ በሚሊዮን ሲሸጥ ዘፈኑ ትንቢት ሆነ። «ፖሊ» ደግሞ በ1987 በታኮማ ታግታ ጥቃት የደረሰባትንና ያመለጠችን ልጅ እውነተኛ ታሪክ መነሻ አድርጎ በአጥቂው አንደበት ይናገራል። ሙዚቃው አንድ ጊታር፣ ቤዝና ጥቂት የሲምባል (ከከበሮው ጋር የሚመታ የብረት ሳህን) ድምፅ ብቻ ነው (ሲምባሉን የመታው ከማዲሰኑ ቀረጻ የቀረው ቻኒንግ ነው)። ከአልበሙ ዘፈኖች ሁሉ ያለ ጩኸት የሚያስፈራው ይህ ነው።

ኮቤይን አልበሙን አይወደውም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ዘፈኖቹን አልጠላም፤ ያሳፈረው የድምፁ አጨራረስ ነው። የቪግ የመጀመሪያ ሚክስ ባለማርካቱ ኩባንያው ለአንዲ ዋላስ ሰጠው፤ ዋላስም ከበሮውን አጎላው፣ ጊታሩን አሰፋው፣ ሁሉንም ለሬዲዮ የሚመች አድርጎ አለሰለሰው። ባንዱ በወቅቱ ተስማምቶበት ነበር። በኋላ ግን ኮቤይን ድምፁ ከፐንክ ይልቅ ለዚያ ዘመን የሄቪ ሜታል ባንዶች ይቀርባል ብሎ በይፋ ተናገረ።

ቅሬታው ከልቡ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ከድምፁ ጥራት ጋር ብቻ የተያያዘ አይመስለኝም። የሚጠላቸው ዓይነት ሰዎች፣ በትምህርት ቤት ያስጨንቁት የነበሩትን የሚመስሉ ወጣቶች፣ በኮንሰርቱ ፊት ለፊት ቆመው ያገኛቸው ጀመር። ያ አሳዘነው፤ ጥፋቱንም በከፊል በሚክሲንጉ ላይ ጣለው። ያለ ዋላስ ሥራ ግን አልበሙ እዚያ ድረስ ይሄድ ነበር ለማለት ይከብዳል። ማነጻጸር ለሚፈልግ፣ በ2011 በሃያኛ ዓመቱ በወጣው እትም የቪግ የመጀመሪያ ሚክስ ተካትቷል፤ ሻካራና ደስ የሚል ነው፣ ግን ጠባብ።

«የ1980ዎቹን ሮክ በአንድ ሌሊት ገደለው» ሲባል ምን ያህል እውነት አለው?

ግማሽ እውነት ነው። ፀጉራቸውን አንጨባረው፣ ተኳኩለው በድግስና በሴት ዙሪያ የሚዘፍኑ ባንዶች ከ1992 በኋላ ገበያቸው በፍጥነት መውደቁ ግልጽ ነው፤ ኩባንያዎችም ገንዘባቸውን ወደ ሲያትል አዙረዋል።

ሆኖም በሩ ቀድሞ ተከፍቶ ነበር። አር.ኢ.ኤም. የተባለው ባንድ ከኮሌጅ ሬዲዮ ተነሥቶ በዚያው በ1991 አንደኛ ሆኗል፤ ሜታሊካ በኦገስት ያወጣው አልበም ቀድሞ ሰንጠረዡን ይዟል፤ የፐርል ጃም «ቴን» ከ«ኔቨርማይንድ» አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ወጥቷል፤ ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስም አምስተኛ አልበማቸውን ያወጡት በዚያችው በሴፕቴምበር 24 ነው። ኒርቫና ብቻውን ግድግዳ አፈረሰ ማለት ሌሎቹ ለዓመታት የቆፈሩትን መሠረት መካድ ይሆናል። ኮቤይን ራሱ ይህን አይክድም ነበር፤ በየቃለ ምልልሱ የማይታወቁ ባንዶችን ስም ይጠራል፣ የእነሱን ቲሸርት ለብሶ ይቀርባል።

ዝናው ኮቤይን በወጣትነቱ ከመሞቱ የመጣ አይደለም ወይ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ኮቤይን ኤፕሪል 5 ቀን 1994 በ27 ዓመቱ ሕይወቱን አጠፋ። ከዚያ በኋላ አልበሙን የሰማ ሁሉ ሞቱን አውቆ ነው የሚሰማው፤ ተራ የነበሩ ስንኞችም ኑዛዜ እየመሰሉ ይሰማሉ። ይህ ዝናውን አላጎላውም ማለት አይቻልም።

ይሁንና የቀኖቹን ቅደም ተከተል እንይ። አልበሙ በወጣበት ሰሞን ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ከአምስት ሦስት ኮከብ ብቻ ቢሰጠውም፣ በቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ የሃያስያን ዓመታዊ ምርጫ የ1991 ምርጥ አልበም የተባለው እሱ ነው፤ በቢልቦርድ አንደኛ የሆነው በ1992 መጀመሪያ ነው። ሁለቱም የሆኑት ኮቤይን በሕይወት ሳለ፣ ከሞቱ ሁለት ዓመት ቀድመው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ክብር ሁሉ በዚህ ላይ የተደረበ ነው፤ በ1999 በአሜሪካ አሥር ሚሊዮን ቅጂ ማለፉ ተመሰከረለት፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2004 ከሚጠበቁ ቅርስ ቀረጻዎች ተርታ አስገባው፣ ባንዱ በ2014 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ገባ፣ ሮሊንግ ስቶንም በ2020 ከምንጊዜም ምርጥ 500 አልበሞች 6ኛ አደረገው። በ2022 ደግሞ ያ በሶፋ ላይ የተቀረጸው ዘፈን አንድ የባትማን ፊልም ስለ ተጠቀመበት ከሠላሳ ዓመት በኋላ በነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። ብዙዎቹ አድማጮቹ ኮቤይን ሲሞት ገና አልተወለዱም ነበር።

ሦስተኛው አልበም ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ ትክክል ናቸው?

«ኢን ዩተሮ» በሴፕቴምበር 1993 ወጥቶ በቀጥታ አንደኛ ሆነ። ስቲቭ አልቢኒ በሚኒሶታ ሁለት ሳምንት ገደማ ወስዶ የቀረጸው ሲሆን፣ ኮቤይን የተመኘውን ሻካራ ድምፅ ይዟል። በድፍረትና በግጥም ጥልቀት ይበልጣል ለሚል ሰው ልከራከረው አልፈልግም። በዘፈን አሠራር ግን፣ ማለትም ዜማውን ከስንኝ ወደ አዝማች በማሸጋገር፣ ትርፍ የሆነውን በመቁረጥና አሥራ ሁለቱን ዘፈኖች እርስ በርስ እንዲደጋገፉ አድርጎ በመደርደር፣ «ኔቨርማይንድ» የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማረጋገጫዬ በኖቬምበር 18 ቀን 1993 ባንዱ በኒውዮርክ ለኤምቲቪ የተጫወተው የአኩስቲክ ዝግጅት ነው። በዚያ ምሽት የዋላስ ሚክስ የለም፣ የሳውንድ ሲቲ ሰፊ ክፍልም የለም፤ ግሮልም አብዛኛውን የመታው ለስለስ አድርጎ ነው። ትልቁን ዘፈናቸውን «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት»ን አልተጫወቱትም። ከሁለተኛው አልበም ግን «ካም አዝ ዩ አር»፣ «ፖሊ»፣ «ኦን ኧ ፕሌን» እና «ሳምቲንግ ኢን ዘ ዌይ» ቀረቡ። ኮቤይን ሹራቡን እንደለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲዘፍናቸው ከአራቱ አንዱም ጩኸቱ ተወስዶበት የጎደለ አይመስልም።